ማጅራቱ ላይ የቀረ እጅ

በሰፈራችን ፀጉሩ እጅግ የተበላሸው ሰው የሰፈራችን ምርጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሌላውን ሰው ሲቆርጥ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የራሱ ፀጉር ግን ከኋላው ወርዶ ወርዶ ኮሌታው ውስጥ ይገባል፤ ባንድ ጆሮው በኩል አጥሮ በሌላው ረዝሟል። መስታወት ፊት ቆሞ በገዛ መቀሱ እንደከረከመው ከሩቅ ያስታውቃል። በዚህ ምክንያት ጎፈሬው ይሉታል። አዲስ ደንበኛ ወደ ሱቁ ገብቶ ሲያየው ዐይኑን ወደ ሌላኛው ወንበር ይልካል። እዚያ የሚሠራው ጓደኛው፣ ቀጭኑ የሚባለው፣ ይሄን ጊዜ ነው የሚጠብቀው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አትፍራ! ስህተቱን ሁሉ የራሱ ጭንቅላት ላይ ጨርሶታል፣ ላንተ የቀረው ልኩ ብቻ ነው።»

ሱቁ በሳቅ ይሞላል። የሱቁ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ጋዜጣቸውን አጥፈው ይስቃሉ። ጎፈሬውም አብሮ ይስቃል። አንድ ሰው እንኳ ግን «ለምንድነው የማትቆረጠው?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። መሳቅ ይቀላላ! መጠየቅ ጆሮ ይፈልጋል፣ ጆሮ ደግሞ ትርፍ ያለው ሰው የለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቀጭኑን ፀጉር እሱ፣ የእሱን ቀጭኑ ይቆርጡ ነበር፤ ቅዳሜ ማለዳ ሱቁ ሳይሞላ ተራ በተራ ወንበሩ ላይ እየተቀመጡ፣ እየተሰዳደቡ። ጎፈሬው እህቱ ወለደች ተብሎ ሊጠይቃት ወደ ሌላ ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ እስከተሳፈረበት ጠዋት ድረስ ማለቴ ነው።

ሊሳፈር ሲል የኋላውን ጎማ አየና ረዳቱን «ይሄን ጎማ ማን ነው እንዲህ ሙልጭ አድርጎ የላጨው? እኔ ባለሙያው እንኳ እንዲህ አይሆንልኝም!» አለው። ረዳቱ ስቆ «ግባ ግባ፣ ሊሞላ ነው» አለ። ገባ። ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ፈነዳና አውቶቡሱ ተገልባብጦ ገደል ገባ።

ጎፈሬው ከወንበርና ከሰው ሥር ተቀብሮ ቀረ። ከኋላው ተቀምጦ የነበረ፣ መልኩን እንኳ በቅጡ ያላየው ሰው፣ ማጅራቱን ጨብጦት ነበር። መጀመሪያ ላይ «ወንድሜ፣ እንዳትተወኝ» ይለዋል፤ እጁም ጠበቅ ላላ ይላል። ቆይቶ ድምፁ ጠፋ። ቆይቶ እጁ ቀዘቀዘ። ግን አልለቀቀም። ሰዎች ደርሰው ጎፈሬውን ሲያወጡት ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር፤ ያንን እጅ ከማጅራቱ ላይ ያላቀቁት ጣት በጣት ነው።

ባለ አውቶቡሱ ምን አለ? «የእግዜር ቁጣ ነው» አለ። እግዜር ጎማ አይነግድም! ያን ጎማ አይቶ «ይሂድ፣ ይችላል» ያለ ሰው አለ። ያ ሰው ዛሬም አውቶቡስ አለው፣ ዛሬም ሰው ያሳፍራል፣ አንገቱን የሚይዘው እጅም የለ፤ ክራቫት ነው የሚያስርበት።

የጎፈሬው ጎድን ተሰንጥቆ ነበርና ተጠገነ። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ብርሃን ላይ ይዞ አየና «ድነሃል» ብሎ ሸኘው። አጥንት ብቻ የሚታይበት ፎቶ ሌላ ምን ይናገራል! ሱቅ ተመልሶ መሥራት ጀመረ፤ እጁ ምንም አልሆነም። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ ይዳስሳል፣ የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ያንሸራትታል፣ ሲጨርስ የሰው ማጅራት በፎጣ ጠርጎ መታ መታ ያደርጋል። የእሱን ግን ሰው ከነካበት ላብ ያጠምቀዋል፣ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ይቆማል፣ ዐይኑ ይፈጣል። የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ መቆለፍ ተወ። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቧ እጇ አንገቱን ከነካው በርግጎ ስለሚነሳ፣ እጇን ከትራሷ ሥር ከትታ መተኛት ለመደች። ዳቦ ቤት ውላ የምትገባ ሴት፣ እንቅልፏን እንኳ እጇን አስራ!

ሰላምታ ማለት ከኋላ መጥቶ ጀርባ መደለቅ የሚመስለው ደግሞ ስንት አለ መሰላችሁ። ድብ ሲያደርጉት ጎፈሬው ዘሎ ግድግዳ ይለጠፋል። «ምነው አንተ፣ ወንድ አይደለህ እንዴ? አውቶቡሱ ከወደቀ ስንት ጊዜው!» ይሉታል። አዎ፣ አውቶቡሱ ከወደቀ ቆይቷል። ያ እጅ ግን ማጅራቱ ላይ ነው ያለው። ይህን የሚያህል ነገር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ሰውየውን ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ነበር።

ይህን ሁሉ ችሎ ኖሮ ነበር። ያልቻለው የልጁን ነገር ነው።

ልጁ ትንሽ ናት፣ ሚጢዬ ይላታል። ከአደጋው በፊት ከመዋዕለ ሕፃናት ሲያመጣት እሽኮኮ አድርጓት ነበር የሚመጣው፤ እግሮቿ በግራና በቀኝ ደረቱ ላይ ተንጠልጥለው፣ እጆቿ ግንባሩን ይዘው፣ በመንገዱ ሁሉ እየዘመረች። ከአደጋው በኋላ መጀመሪያ ትከሻው ላይ ያወጣት ቀን ጭኖቿ አንገቱን ሲነኩት ጨለመበትና ሊጥላት ምንም አልቀረው። መሬት አስቀምጧት፣ የሚለው ቢጠፋው፣ «ከብደሻል እኮ! ትልቅ ልጅ ሆነሻል» አላት።

ከዚያ ወዲህ ልጅቱ እራቷን መተው ጀመረች። ምሳዋን ትቆነጥራለች፣ ዳቦዋን ለድመት ትሰጣለች። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ ምንም የለባትም ተባለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቁጭ አድርጋ ትለማመጣት ጀመር።

«የኔ ቆንጆ፣ ለምንድነው የማትበዪው? ንገሪኝ፣ ለማንም አልናገርም።»

«ቅልል ስል አባዬ እሽኮኮ ያደርገኛል።»

ጎፈሬው ከመጋረጃው ወዲያ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ሰማ። ያወለቀውን ጫማ መልሶ አጠለቀና ውጭ ወጥቶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደ። የዚያች ልጅ ሆድ ባይሆን ኖሮ ይህ ሰው እስከ ዛሬም አይሄድም ነበር። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚታከመው ሲደማ ብቻ ነዋ!

የምክር አገልግሎት የሚሰጠው ባለሙያ አዳመጠውና ሁሉንም አስወራው፤ ከዚያ በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለች ክፍል ወሰደው። እዚያ በእጅ ንክኪ የምታክም፣ ዕድሜዋ እናቱን የሚሆን ሴት አለች፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ትይዩ የተቀመጡ ወንበሮች፣ የታጠበ አንሶላ የተሰጣበት ጓሮ የሚያሳይ መስኮት። ለእሱ የሰጠችው ወንበር ጀርባው ግድግዳ፣ ፊቱ በር ነው። ከኋላው ማንም ሊመጣ አይችልም። እጆቿ ጭኗ ላይ ነበሩ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው። «እዚህ ክፍል ውስጥ በቃ ካልክ እጄ ይነሳል። ለምን ብዬ አልጠይቅህም፣ ትንሽ ቻል አልልህም።»

«ገና ሳይነኩኝ በቃ ብልስ?»

«ሳልነካህ እመለሳለኋ።»

አላመናትም። እጇን ወደ እጁ ልካ ገና መንገድ ላይ ሳለ «በቃ» አላት። መለሰችው። ጠብቃ፣ ጠይቃ፣ እንደገና ላከችው። «በቃ።» መለሰችው። የመጀመሪያው ቀን በዚህ አለቀ። ሊወጣ ሲል እፍረት ያዘው።

«ሥራ አስፈታሁዎት ሲስተር።»

«አንተ ሞኝ፣ ሥራው እኮ ይሄ ነው!»

ቀስ በቀስ መዳፉን ሰጣት። ከዚያ የእጁን ጀርባ፣ ከዚያ ክንዱን። ወዴት እንደምትሄድ ሳትናገር አትንቀሳቀስም። «አሁን ክርንህን ልይዝ ነው፣ ልያዝ?» እሺ ሲላት ትይዛለች። ከዚያ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ነገር ትጠይቀዋለች፦ «የማን እጅ ነው?»

«የእርስዎ።»

«ሞቃት ነው ቀዝቃዛ?»

«ሞቃት።»

ይኸው ነው። አስማት የለበትም፣ ቅባት የለበትም፣ የሚነበነብ ነገር የለበትም። ሰውነቱ ያንን ቀዝቃዛ እጅ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ሞቃት እጅ መኖሩን፣ ሲሉትም የሚነሳ መሆኑን፣ እንደ ሕፃን ልጅ ከመጀመሪያው ያስለምዱታል። ትከሻው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ጎፈሬው አንድ ነገር ጠየቀ፤ መስታወት። «ሱቅ ውስጥ ሰው ጉሮሮው ላይ ምላጭ ይዤ ዝም የሚለኝ እጄን በመስታወት ስለሚያየኝ ነው» አላት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጣ መስታወቱ ተሰቅሎ ጠበቀው። እጇ ትከሻው ላይ ሲያርፍ አየው። ዋለለ፣ ግን «በቃ» አላለም።

ያን ቀን ወደ ሱቅ የተመለሰው እያፏጨ ነበር። ለቀጭኑ ነገረው።

«በእጅ ነው የምታክመኝ፣ ታምናለህ? ትከሻዬ ደርሰናል! ማጅራቴ ነው የቀረው። እሱ ካለፈ ሚጢዬን እሽኮኮ አደርጋታለሁ።»

ቀጭኑ ደስ አለው። ከልቡ ደስ አለው፤ ጥፋቱም የመጣው ከዚሁ ደስታ ነው። ከጋሼ ጋር መከሩ። «ጋሼ፣ አንዲት ሴትዮ በእጇ ትከሻው ካደረሰችው፣ እኛ የሰው ራስ ስንዳብስ የኖርነው እንዴት ያቅተናል? እሷ በየሳምንቱ ጣት በጣት የምትሄድበትን ባንድ ጠዋት እንገላግለው! ፀጉሩንም እንቁረጥለት፣ ለልጅቱ አምሮ ይሂድ።» ጋሼም «እሰይ፣ ይበል!» አሉ። መንካት መድኃኒት ከሆነ ብዙ መንካት ብዙ መድኃኒት ይሆናላ! የሁለቱ ሂሳብ ይሄ ነበር።

ጠዋት ሱቁ ባዶ ሳለ ከኋላ መጥተው አቀፉት። እየሳቁ የገዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጡት፣ ጋሼ ትከሻውን ተጫኑ፣ ቀጭኑ ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ ጠበቅ አድርጎ አሰረው።

«በቃ!» አለ ጎፈሬው።

«ምኑን ጀመርነውና!»

«በቃ! በቃ አልኩ እኮ!»

«አይ የኛ ሙሽራ፣ ዝም በል እስቲ!» ቶንዶሱ ጢዝ እያለ ማጅራቱ ላይ አረፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጎፈሬው አያስታውስም። እግሩ መስታወቱን መትቶ አደቀቀው። እጁ ያገኘው መቀስ የቀጭኑን መዳፍ ተረተረው። ፀጥ ሲል ቀጭኑ ደሙን በፎጣ ይዞ ቆሟል፣ ጋሼ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ቶንዶሱ መሬት ወድቆ ብቻውን ይንዘፈዘፋል። ጎፈሬው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ተሸጉጦ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ፣ «አለሁ፣ አልተውኩህም፣ አለሁ» ይል ነበር። ለእነሱ አልነበረም የሚናገረው።

ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ተሳድቤ እገላገል ነበር። ይወዱታል! ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው። ስንወድ አንጠይቅም እኛ። የወደድነውን ሰው እናንቀዋለን፣ እንስመዋለን፣ እንጎትተዋለን፣ አፉን ከፍተን እናጎርሰዋለን፣ እንቢ ሲል እንቢታውን እንደ ጨዋታ እንቆጥረዋለን። ፍቅራችን ጆሮ የለውም።

ጎፈሬው ከሱቅም ከጤና ጣቢያም ቀረ። ቤት ውስጥ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጦ ይውላል። የሰው ደም ማፍሰሱ፣ ያውም የጓደኛውን፣ ቅስሙን ሰበረው። «ልጄን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ እንዲህ ብሆንስ?» አላት ሚስቱን። ልጅቱ በእግር ጣቷ እየተራመደች ታልፈዋለች፤ ዳቦዋን አሁንም ለድመት።

ቀጭኑ መዳፉን የተሰፋው እዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ተሰፍቶ ሲያበቃ ኮሪደሩን ይዞ ሄዶ የሲስተርን በር አንኳኳ። ሁሉንም ነገራት።

«በቃ ሲል ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል።»

«እና?»

«የምሩን አልመሰለንም።»

«እኔ እስከ ዛሬ ምን ስሠራ የቆየሁ መሰለህ? እጅ ማሳረፉንማ ማንም ያሳርፋል። የኔ ሥራ በቃ ሲለኝ እጄን ማንሳት ነው። እናንተ ደግሞ የያዘው ሰው በቃ ቢለውም እንደማይለቀው እንደገና አስተማራችሁት።» ከዚያ ረጋ ብላ «ሂድና እይው። ከደጅ ጀምረህ ጠይቅ» አለችው።

ቀጭኑ ምክር ሲቀበል እስከ ጥግ ነው። የጎፈሬው ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ልግባ?»

ጎፈሬው ቀና አለ። «ግባ።»

«ወንበር ላይ ልቀመጥ ወይስ መሬት?»

«ያሻህ ላይ ተቀመጥ።»

«በሩን ልዝጋ ልተወው?»

«ተወው።»

«ጉሮሮዬን ይዞኛል፣ ላስል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ሲስተር ናት ጠይቅ ያለችኝ! ሳልጠይቅ አስዬ ደግሞ ሌላ ጣጣ ላምጣ?»

ጎፈሬው ሳያስበው ሳቀ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችና ተመልሳ ገባች።

«በቃ ብለኸኝ ነበር» አለ ቀጭኑ። «ሰምቼህ ነበር።»

«እጅህስ?»

«ተሰፋ። የሰፋው ልጅ የልብስ ሰፊ ዘር ሳይኖረው አይቀርም፣ ይኸው፣ ዚፕ ነው የገጠመልኝ።»

ልጅቱ ከድመቷ ጋር በሩ ሥር ተቀምጣ ስትሰማ ነበር። «አባዬ፣ በቃ ስትል እጅ ይነሳል?» አለች።

«ይነሳል።»

«እግርስ?»

ጎፈሬው ሚስቱን አየ፣ ቀጭኑን አየ። «እግርም ይነሳል» አላት።

ወደ ሲስተር ተመለሰ። አልተቆጣችውም፣ «የት ደርሰን ነበር?» ብላ ከትከሻው ልትቀጥልም አልፈለገች። እንደገና ከመዳፉ ጀመሩ። አንዳንድ ቀን ጥሩ ነው፣ አንዳንድ ቀን ከበሩ ይመለሳል። ማጅራቱ ላይ የደረሰች ቀን በመስታወቱ እያያት፣ «የማን እጅ ነው?» ስትለው መልስ ጠፋው።

«ላንሳው?» አለችው።

«አይ። የእርስዎ ነው። ሞቃት ነው።» ከዚያ እንባው ወረደ። «ሰውየውን ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም ሲስተር። እኔን ይዞ ነው የሞተው፣ ስሙን አላውቀውም።»

እጇን አላነሳችም፤ በቃ አላላትማ።

ዳነ ብዬ አልዋሽም። የሸሚዙ የላይኛ ቁልፍ አሁንም ክፍት ነው፤ ከኋላው የመጣበትን ሰው አሁንም ይደነግጥበታል። ፀጉሩም ያው ጎፈሬ ነው፤ ቀጭኑ ቅዳሜ ቅዳሜ «ልቁረጥህ?» ይለዋል፣ እሱም «ዛሬ አይደለም» ይላል፣ ቀጭኑም መቀሱን ያስቀምጣል። ባለፈው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ ከዳቦ ቤት ልጅቱን ይዛ በሱቁ ስታልፍ፣ ሽርጡን አውልቆ ወጣና ደረጃው ላይ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ጥቁር መስታወት ላይ ራሱን ያያል።

«ነይ እስቲ ሚጢዬ። እሽኮኮ።»

ልጅቱ እናቷን አየች። የያዘችውን ትኩስ ዳቦ ለእናቷ መለሰች። «ከብጃለሁ እኮ።»

«አንቺ ከብደሽ አታውቂም። ያን ጊዜ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ። አሞኝ ነበር።»

አሰበችበት። «በቃ ካልክ እወርዳለሁ።»

«እሺ።»

«ሳልወጣ በቃ ካልክስ?»

«ሳትወጪ ትቀሪያለሽ።»

ደረጃው ላይ ከጎኑ ወጥታ ቆመች። «አሁን ቀኝ እግሬ ነው» አለች፤ ቀኝ እግሯን አሳለፈች። «አሁን ግራዬ ነው፣ ላሳልፍ?»

«አሳልፊ።»

ጭኖቿ አንገቱን በግራና በቀኝ ያዙት። ሱቁ ውስጥ ቀጭኑ የያዘውን ደንበኛ ግማሽ ራስ ትቶ በር ላይ ቆሟል፤ ጋሼ ጋዜጣቸውን ዘቅዝቀው ይዘዋል። ጎፈሬው ላብ አጠመቀው። ግንባሩን በያዙት ትንንሽ እጆች ሥር ዐይኑን መኪናው መስታወት ላይ ተክሎ፣ ተነሣ። ተራመደ። እስከ መብራት እንጨቱ ደረሰ።

«በቃ» አለ።

ቁጭ ሲልላት ወዲያው ወረደች። ለምን አላለችም። እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያየች ጠበቀችው። ጎፈሬው እንጨቱን ተደግፎ ተነፈሰ፣ ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

«ሞቃት ነበርኩ ቀዝቃዛ?» አለችው።

«ሞቃት። ምድጃ ነሽ አንቺ።» ተቀመጠ። «ነይ፣ እንደገና።»

«ቀኝ እግሬ ነው» አለችና ወጣች። ከላይ ሆና እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች። «ዳቦዬን ስጪኝ። አባዬ፣ እዚህ ሆኜ ልብላ?»

«ብዪ።»

በላች። ሳትቆነጥር፣ ጉንጯን ሞልታ፣ እስከ ሱቁ ደጃፍ ድረስ። ፍርፋሪው ያን ሁሉ ጎፈሬ ሞላው፣ ኮሌታው ውስጥ ገባ፣ ማጅራቱ ላይ ተበተነ። ቀጭኑ ብሩሹን ይዞ መጣና ራቅ ብሎ ቆመ።

«ላራግፍልህ?»

«ተወው» አለ ጎፈሬው። «ገና እየበላች ነው።»